መብራት በሌለበት ሜዳ የትንፋሽ መሣሪያን በትንሽ ወጪ ስለ ማሠራት

(በሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከጤና ኮሚቴው የቀረበ ንግግር። ያልተገኙ እንዲያነቡት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ባለፈው ስብሰባችን ስለ ቆሻሻ ማንሻ ቀንና ስለ ጥበቃ መዋጮ ስንነጋገር ስለ መሸብን፣ የጤና ኮሚቴው ሊያቀርበው የነበረው ጉዳይ ለዛሬ መተላለፉ ይታወሳል። ጉዳዩ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። «እኛ ውሃ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ ብለን ስንጮኽ እነሱ ስለ ማንኮራፋት ያወራሉ» የሚልም አይጠፋም። ይሁን እንጂ እስከ መጨረሻው ብታዳምጡን፣ ነገሩ የጐረቤት ሕይወት ነገር መሆኑን፣ ከመብራት መጥፋትም ጋር የተያያዘ መሆኑን ትረዱልናላችሁ።

በመጀመሪያ ስለ ሕመሙ ጥቂት እንበል። አንዳንድ ሰው እንቅልፍ ሲወስደው የጉሮሮው ጡንቻ ይላላና የአየሩ መተላለፊያ ይዘጋል። ትንፋሽ ይቆማል። ሐኪሞች ቢያንስ 10 ሰከንድ የቆየውን እንደ አንድ መቋረጥ ይቆጥሩታል። በሰዓት 30 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚቋረጥበት ሰው ሕመሙ ከባድ ነው ይባላል። ሰውዬው ራሱ አያውቀውም፤ የሚያውቀው አጠገቡ የተኛው ነው። ጠዋት ራሱን ያመዋል፣ ቀን ቁጭ ባለበት ያንቀላፋል። ውሎ ሲያድርም ደም ግፊትና የልብ ሕመም ይከተላሉ።

መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ አንድ ትንሽ መሣሪያ ነው። ሲፓፕ ይባላል። አየር በቱቦና በማስክ እየገፋ ጉሮሮው እንዳይዘጋ ያደርጋል። ይህን ዘዴ መጀመሪያ ያቀረቡት ኮሊን ሰሊቫን የተባሉ የአውስትራሊያ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ሲሆኑ፣ ጽሑፋቸው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። በእኛም ሰፈር እስከምናውቀው ድረስ አራት ሰዎች ይህ መሣሪያ አላቸው። አብዛኛው ውጭ አገር ያሉ ልጆች የላኩት ነው። ታዲያ መሣሪያው አንድ ጠባይ አለው፤ መብራት ከሌለ ሳጥን ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ ጉዳያችን እንግባ።

ከአራቱ አንዱ፣ ሁላችሁም የምታከብሯቸው ጡረተኛ አባታችን ናቸው። ስማቸውን እንዳንጠራ ጠይቀውናል፤ ታሪካቸውን ግን «ለሌላው ይጥቀም» ብለው ፈቅደዋል። በየዓመቱ ለጥምቀት ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ መንዝ ይወርዳሉ። ለከተራ ታቦቱ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ሲወርድ ሕዝቡ ድንኳን ተክሎ ሜዳ ያድራል። እሳቸውም ከልጅነታቸው ጀምሮ ያደሩበት ሜዳ ነው። መሣሪያው ከመጣ በኋላ ግን ጭንቅ ሆነ። ሜዳው ላይ መብራት ከየት ይመጣል?

ካቻምና መሣሪያውን እቤት ትተው ሄዱ። ሁለት ሌሊት ያለ እሱ አደሩ። ባለቤታቸው ሲነግሩን «እኔ እኮ በዓሉን አላከበርኩም፣ ትንፋሻቸውን ስቆጥር ነው ያደርኩት» ብለዋል። ሲመለሱ መኪናውን የሚነዱት እሳቸው ነበሩ። ደብረ ብርሃን ሳይደርሱ ዓይናቸው ተከደነ። መኪናዋ ከአስፋልቱ ስትወጣ ከኋላ የተቀመጠችው የልጅ ልጃቸው ጮኸች። በዚያ ቦታ ገደል አልነበረም፤ ማሳ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም በሰላም ገቡ። ይሁን እንጂ አባታችን ከዚያ ቀን ወዲያ «ከእንግዲህ አገሬን አላይም» ብለው ተስፋ ቆረጡ። ይህን የሰማን ጊዜ ነው ኮሚቴያችን ነገሩን የያዘው።

ሀ) የመጀመሪያው ስሕተታችን

ስሕተታችንን መደበቅ አይገባንም። ዐምና ከኮሚቴው ሦስታችን አብረናቸው ሄድን። ከአንድ ጋራዥ ያገለገለ የመኪና ባትሪና ኢንቨርተር ተውሰን «ይበቃል» ብለን ነበር። ማታ በ3 ሰዓት ተኙ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ኢንቨርተሩ ይጮኽ ጀመር፤ ወዲያው ጠፋ። የቀረውን ሌሊት ተቀምጠው አደሩ፣ በማግስቱም መልሰን አመጣናቸው። በዓሉን ሳያዩ ማለት ነው። በጣም አፈርን።

ኋላ ቁጭ ብለን ስናሰላው ነገሩ ግልጽ ሆነ። ሒሳቡ የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው፤ አስቀድመን አለማስላታችን ነው ጥፋቱ።

የባትሪን አቅም ለማወቅ ቮልቱን በአምፔር-ሰዓቱ ማባዛት ነው። ባትሪው 12 ቮልት፣ 45 አምፔር-ሰዓት ይላል። 540 ዋት-ሰዓት ይሆናል። የእርሳስ ባትሪ ግን እንዳይበላሽ ከግማሹ በላይ መጠቀም አይገባም፤ ስለዚህ 270 ብቻ ነው የኛ። ባትሪው ደግሞ አምስት ዓመት ያገለገለ ነው። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሣት ነው እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ለመስጠት አልተሠራም። በዚያ ላይ የመንዝ ብርድ አለ። ብርድ የባትሪን ጉልበት ይቀንሳል።

አሁን ደግሞ መሣሪያው ምን ያህል ይበላል? የዋት መለኪያ ከኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተውሰን ለካን። የአየር እርጥበት መስጫው ውሃውን ሲያሞቅ፣ ቱቦውም ሲሞቅ 50 ዋት ገደማ ሆነ። ኢንቨርተሩ ራሱ የሚያባክነው ሲጨመር 60። በሦስት ሰዓት ተኩል 210 ዋት-ሰዓት አለቀ ማለት ነው። ያ ያረጀ ባትሪ ከዚህ በላይ ቢሰጥ ነበር የሚገርመው።

ለ) ማሞቂያውን ማጥፋት

ከዚያም ማሞቂያዎቹን ሁለቱንም አጥፍተን ለካን። መለኪያው ወደ 10 ዋት ወረደ! አየሩን የሚገፋው ሞተር የሚበላው ጥቂት ነው፤ በላተኛው ሙቀቱ ኖሯል። ስለዚህ የመጀመሪያው መፍትሔ አንድ ሣንቲም አያስወጣም። ከመሣሪያው ማስተካከያ ላይ የእርጥበቱንና የቱቦውን ሙቀት ማጥፋት ነው። የአየሩን ግፊት ግን አትንኩ፤ እሱን ሐኪም ያዘዘው ነው።

«ታዲያ ጉሮሮዬ አይደርቅም ወይ?» ለሚል፣ ትንሽ ይደርቃል። ውሃውን ሳያሞቁ በማጠራቀሚያው ውስጥ ማኖር ይቻላል፤ አየሩ በላዩ ሲያልፍ መጠነኛ እርጥበት ይወስዳል። መሣሪያውን ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ግን ውሃውን ድፉት፤ ወደ ሞተሩ ከገባ ያበላሸዋል። ውሃውም የተጣራ፣ ማለት ዲስቲልድ የሚባለው ይሁን። ከጋራዥ የሚገዛውን «የባትሪ ውሃ» በምንም ምክንያት አታድርጉበት፤ አሲድ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ጠበልም ቢሆን ተጠመቁበት፣ ጠጡት፤ ማሽኑ ውስጥ ግን አትጨምሩት። ከምንጭ የተቀዳ ውሃ ማዕድንም ተሕዋስያንም ስለሚኖረው በትንፋሽ መሳቡ አይገባም።

ሐ) ኢንቨርተር ወይስ ገመድ?

የመሣሪያው አዳፕተር የቤቱን 220 ቮልት ወደ ትንሽ ቮልት ይለውጣል። እኛ ደግሞ በኢንቨርተር የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 ከፍ አድርገን፣ አዳፕተሩ መልሶ ሲያወርደው ነበር። ውሃ ሽቅብ ቀድቶ ቁልቁል እንደ መድፋት ነው። በየመንገዱ ይባክናል። የተሻለው፣ ከባትሪ ወደ መሣሪያው በቀጥታ የሚሄደው ገመድ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከአዳፕተሩ ጀርባ «አውትፑት» የሚለውን አንብቡ። ፊሊፕስ ድሪምስቴሽን የሚባለው 12 ቮልት ነው። ሬስሜድ ኤርሴንስ 10 ደግሞ 24 ቮልት ነው፤ ለእሱ 12ቱን ወደ 24 የሚያሳድግ የራሱ ገመድ አለው። አንዱን ለሌላው መሰካት መሣሪያ ማቃጠል ነው። ገመዱ እዚህ እንደ ልብ ላይገኝ ስለሚችል መሣሪያውን የላከላችሁን ልጅ ጠይቁ፤ ስትጠይቁ የመሣሪያውን ስምና ቁጥር ፎቶ አንሥታችሁ ላኩ። ገመዱ እስኪመጣ በኢንቨርተር መጠቀም ግድ ከሆነ፣ ንጹሕ ሞገድ የሚሰጠውን፣ «ፒዩር ሳይን» የሚባለውን፣ ከ150 እስከ 300 ዋት የሆነውን ምረጡ። ከዚያ የበለጠ ትልቁ ያለ ጥቅም ባትሪ ይበላል።

ስለ መሣሪያው ካነሣን አይቀር፤ ያገለገለ መሣሪያ የተላከላችሁ፣ ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ብዙ ዓይነት መሣሪያዎቹን እንዲመለሱ መጥራቱን እወቁ። ምክንያቱ በውስጣቸው ያለው ድምፅ ማፈኛ ስፖንጅ እየተፈረፈረ ወደ ሰው ትንፋሽ ሊገባ ስለሚችል ነው። የመጀመሪያው ድሪምስቴሽንም ከእነዚያ አንዱ ነው። እንዲህ ያለ ያላችሁ፣ መሣሪያው የተጠገነ መሆኑን ልጆቻችሁ በቁጥሩ እንዲያጣሩ አድርጉ፤ ሐኪማችሁንም ሳታማክሩ በራሳችሁ አታቋርጡ።

መ) ምን ያህል ባትሪ?

መሣሪያው 10 ዋት፣ ከገመዱ ብክነት ጋር 12 እንበለው። ስምንት ሰዓት ቢተኙ 96፤ በደፈናው 100 ዋት-ሰዓት በሌሊት። ይህችን ቁጥር ያዙልን፤ ሌላው ሁሉ በእሷ ይመዘናል።

— የስልክ ፓወር ባንክ፣ 20,000 የሚለው፣ 74 ዋት-ሰዓት ብቻ ነው። ያውም ለዚህ የሚሆን ቮልት አብዛኛው አይሰጥም። ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ አትታለሉ።

— የኮምፒውተር ዩፒኤስ ውስጥ ያለችው ትንሽ ባትሪ፣ 12 ቮልት 7 አምፔር-ሰዓት፣ ግማሿ 42 ነው። ግማሽ ሌሊት እንኳ አትደርስም።

— ዝግ የሆነው፣ ለሶላር የሚሠራው የእርሳስ ባትሪ፣ 12 ቮልት 50 አምፔር-ሰዓት፣ ግማሹ 300 ነው። ሦስት ሌሊት። ክብደቱ ግን 15 ኪሎ ገደማ ነው።

— ሊቲየም አይረን የሚባለው፣ 30 አምፔር-ሰዓት፣ አራት እጅ ከአምስት ብንጠቀምበት ከ300 በላይ ይሰጣል፤ ክብደቱም ከሩብ ብዙ አይበልጥም። ዕድሜውም ረጅም ነው። ዋጋው ግን ይከብዳል። ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ብርድም ቻርጅ ማድረግ አይገባም።

ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ እዚህ አልጻፍንም። እኛ መኪናው እስከ ሜዳው ድረስ ስለሚገባ ክብደቱን ችለን ርካሹን፣ የእርሳሱን መረጥን። በእግር ወይም በበቅሎ ለሚሄድ ግን ምርጫው ሌላ ነው።

«ልጄ ከአሜሪካ ባትሪ ይዞ ይምጣ» ለምትሉ፣ በአውሮፕላን የሚፈቀደው የሊቲየም መለዋወጫ ባትሪ እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለው ነው፤ እሱም በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ዕቃ ውስጥ አይደለም። ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ከዚያ በላይ ለመንገደኛ ክልክል ነው። ልጁን ኤርፖርት ላይ እንዳታስጨንቁት።

ሠ) የሶላር ነገር

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ፓኔል መግዛት ነው። እኛ የምንለው ግን ፓኔሉ መጨረሻ ይሁን ነው። ለሁለት ሌሊት የሚሄድ ሰው፣ ባትሪውን እቤቱ ሞልቶ ከሄደ ፓኔል አያስፈልገውም። ከሦስት ሌሊት በላይ ለሚቆይ፣ ለምሳሌ ጠበል ቦታ ሱባዔ ለሚይዝ፣ 50 ዋት ፓኔል ይበቃል። በበጋ ፀሐይ አራት ሙሉ ሰዓት ብናስብ 200፤ ለብክነት ሦስት አሥረኛውን ብንቀንስ 140 ዋት-ሰዓት በቀን ይሰጣል። የሌሊቱን መቶ ይሸፍናል። ለመብራት ብቻ የምትሸጠዋ የ10 ዋት ፓኔል ግን 28 ብቻ ስለምትሰጥ አታደርስም። በሐምሌና በነሐሴ ደመና በፓኔል አትመኩ። በፓኔሉና በባትሪው መካከል የቻርጅ መቆጣጠሪያ መኖር አለበት፤ ያለ እሱ ባትሪው ይጠፋል።

ረ) ክልክል የሆኑ ነገሮች

አንደኛ፤ ጄኔሬተር ድንኳን ውስጥ ወይም ድንኳን በር ላይ ማስነሣት ክልክል ነው። ከሰልም እንደዚሁ። ጭሱ ሽታ በሌለው መርዝ ሰው ይገድላል፤ መሣሪያው ደግሞ በዙሪያው ያለውን አየር ነው የሚገፋው።

ሁለተኛ፤ ከባትሪው አወንታዊ ጫፍ አጠገብ ፊውዝ ሳይኖር ገመድ አትቀጥሉ። ቀዩና ጥቁሩ እንዳይገለባበጥ፣ የሚያውቅ ሰው ይሥራው። የባትሪውም ጫፎች በብረት እንዳይነካኩ ይሸፈኑ።

ሦስተኛ፤ ጧፍና ሻማ ከቱቦውና ከድንኳኑ ጨርቅ ይራቁ። ሳር ከተጐዘጐዘ ደግሞ ይበልጥ።

አራተኛ፤ የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚወጣው በተዘጋ ቦታ አይሞላ።

አምስተኛ፤ እቤት ሳይሞከር አይኬድ! ከጉዞው በፊት አንድ ሌሊት የቤቱን መብራት ትታችሁ በባትሪው እደሩ። ጠዋት መሣሪያውን አጥፍታችሁ፣ ጥቂት ቆይታችሁ ቮልቱን ለኩ። የእርሳስ ባትሪ 12.7 ከሆነ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ነው፤ 11.9 ከሆነ አልቋል።

ስለ ከፍታም አንድ ቃል። የብዙዎቹ መሣሪያዎች መመሪያ እስከ 2,500 ሜትር ገደማ ነው የሚለው። አዲስ አበባ ብዙውን በዚያ ውስጥ ነው። የመንዝ ደጋ ግን በብዙ ቦታ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። መሣሪያው እዚያም ይሠራል፤ ከፍ ያለ ግፊት ለታዘዘለት ሰው ግን ሙሉውን ላይሰጥ ይችላልና ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ።

ባትሪ ያላገኘ ሰውስ? ለአንድና ለሁለት ሌሊት ግድ ከሆነበት በጀርባው ሳይሆን በጐኑ ይተኛ፤ ራስጌውን ከፍ ያድርግ፤ ጠላም፣ ጠጅም፣ አረቄም በዚያ ሌሊት ይቅርበት፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የእንቅልፍ መድኃኒት አይውሰድ። ይህ ሁሉ መሣሪያውን አይተካም። ከሁሉም በላይ በማግስቱ መሪ አይያዝ። ካቻምና የሆነውን ነግረናችኋል።

አሁን ዘንድሮ የሆነውን እንንገራችሁና እናብቃ። አባታችን ዘንድሮ ለጥምቀት ወደ መንዝ ሄዱ። ሦስታችንም አብረናቸው ነበርን። እቤት ሁለት ጊዜ ሞክረናል። የከተራ ማታ ባትሪውን ከብርዱ ለማዳን በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልለን ከመኝታቸው ሥር አኖርነው። እውነቱን ለመናገር እንቅልፍ የነሣን እኛን ነው፤ በየሰዓቱ እየተነሣን ድምፁን እናዳምጥ ነበር። ሳይቋረጥ አደረ። ጠዋት ስንለካ 12.5። ቀን የተዋስነው ፓኔል የወሰድነውን ስለ መለሰልን፣ ከሁለተኛው ሌሊት በኋላም 12.5 ነበር። ባለቤታቸው ደግሞ በማግስቱ «ዛሬ የቆጠርኩት የለም፤ ካህናቱ ሲያዜሙ ነው የነቃሁት» አሉን። ሲመለሱ መኪናውን የነዳው ከእኛ አንዱ ነው፤ እሳቸው ግን መንገዱን ሙሉ ነቅተው የየመንደሩን ታሪክ ሲነግሩን ነው የገባነው።

ያ ባትሪና ገመዱ አሁን በማኅበሩ ቢሮ ተቀምጧል። ገንዘቡ የተዋጣው ከአሥራ ሁለት አባወራዎች ነው። የአንድ ሰው እንዳልሆነ ይታወቅ። ወደ አገሩ የሚሄድ፣ ጠበል የሚገባ፣ ወይም መብራት ሲጠፋበት የሚቸገር ባለ መሣሪያ ሁሉ በመዝገብ ፈርሞ መውሰድ ይችላል። ደንቡ አጭር ነው፤ ሲመልስ ሙሉ አድርጎ ይመልስ፤ የእርሳስ ባትሪ ባዶውን ከተቀመጠ ይሞታል። ሁለት ሰው በአንድ ሳምንት ከጠየቀ፣ ርቆ የሚሄደው ይቅደም። ሁለተኛ ባትሪ ለመግዛት ግን መዋጮው አልሞላም። የመብራቱን መጥፋት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሰፈራችን ሲጨልም አራቱም በአንድ ሌሊት ነው የሚቸገሩት። አንድ ባትሪ ለአራት አይሆንም።

በመጨረሻም፣ ባሏ ወይም ሚስቱ ሌሊት ትንፋሽ ሲቆምበት ወይም ሲቆምባት የሰማ «ማንኮራፋት ነው» ብሎ አይለፈው። ሐኪም ዘንድ ይውሰድ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ የሁለተኛውን ባትሪ ጉዳይ ዛሬ ተነጋግረን እንድንወስን በአክብሮት እንጠይቃለን።



የጤና ኮሚቴው